የምሥራቁ ግድግዳ

ነጋ ፉሪ ውስጥ አዲስ ቤት ለሚገቡ ሰዎች ቴሌቪዥን ግድግዳ ላይ ይሰቅላል። ቦታውን የሚመርጥለት ሶኬቱ ነው፤ የራሱንም ቤት ቴሌቪዥን እንዲሁ ሰቅሎታል።

አንድ ጠዋት እንደ ልማዱ ወደ ምሥራቅ ዞሮ ሲጸልይ፣ በጠፋው ቴሌቪዥን ላይ የገዛ ፊቱን አየ። የማርያም ሥዕል ከበሩ ኋላ ነው። ለካ ሦስት ዓመት ሙሉ የሰገደው ለቴሌቪዥን ነው። ነቀለው።

ሚስቱ ተናኘ "ተበላሸ እንዴ?" ብትለው፣ "እሱስ ደህና ነው" ብሎ የማርያምን ሥዕል በቴሌቪዥኑ ቦታ ሰቀለ።

ትናንት አንዲት ማዕተብ ያሰሩ እናት ቴሌቪዥኑ የሚሰቀልበትን ግድግዳ አሳዩት። ነጋ ድሪሉን ሳያስነሳ፣ "እማማ፣ ጠዋት ሲጸልዩ ወዴት ይዞራሉ?" አላቸው።

"ወደ ምሥራቅ ነዋ፤ ወዴት ልዞር ኖሯል?" አሉና ወደ ምሥራቅ ሲዞሩ ያንኑ ግድግዳ አዩት።

ነጋም ድሪሉን መሬት አስቀምጦ ጠበቃቸው።