ሳላነብ የፈረምሁት የአውሮፕላን ወረቀት

አያ ደሴ የራሳቸውን ጥፋት በእኔ ስም ጽፈው አስፈረሙኝ። በዚያ ወረቀት ምክንያት ከሥራዬ ተባረርሁ። ነገሩ የሆነው በ2015 ዓ.ም. የካቲት ላይ ነው። የበደለኝ ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ እስካሁን ረስቼው ነበር። ሰው ሰውን ይበድላል። እሳቸው ግን ፊደል ያስቆጠሩኝ ሰው ናቸው።

እኔ የኮሶዬ ገበሬ ልጅ ነኝ። የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥሁም። ጎንደር ወርጄ አዘዞ ውስጥ የቀን ሥራ ስሠራ ቆየሁና ትንንሽ አውሮፕላኖች በሚጠገኑበት ሃንጋር ጠራጊ ሆኜ ተቀጠርሁ። አያ ደሴ እዚያ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነበሩ። በዕድሜ አባቴ ይሆናሉ፤ የአገሬም ሰው ናቸው። ከመጥረጊያ አላቅቀው ረዳታቸው አደረጉኝ። የካቻቢቴ አያያዝ ያሳዩኝ እሳቸው ናቸው።

በሠላሳ ስምንት ዓመቴ ደግሞ በየምሳ ሰዓቱ የሃንጋሩ በር ላይ በጠመኔ ሀሁን ይጽፉልኝ ጀመር። ሁለት ዓመት ፈጀብን። ስሜን ለመጀመሪያ ጊዜ የጻፍሁ ቀን አውራ ጣቴን ይዘው፣ ከእንግዲህ ይህች ጣት ቀለም አትነካም አሉኝ። ያን ቀን ቤቴ እንዴት እንደ ገባሁ አላውቅም።

የቀጠረን ድርጅት አራት ሰው የምትይዝ አውሮፕላን አለችው። ሐኪሞችን ወደ ሰሜኑ ደጋ ታደርሳለች። አብራሪው ካርታውን የሚያየው በታብሌት ነው፤ ባትሪው መንገድ ላይ እያለቀ አስቸገረው። ስለዚህ ቻርጅ ማድረጊያ የዩኤስቢ ሶኬት ይግባላት ተባለ። ለአውሮፕላን የተፈቀደው ሶኬት ከውጭ ታዘዘ፤ ሳይመጣ ወራት አለፉ። አብራሪው በየቀኑ ይጠይቃል። አያ ደሴ ነገ፣ ነገ ማለት ሲሰለቻቸው ጎንደር አራዳ ገበያ ሄደው ሚኒባስ ላይ የሚገጠም ሶኬት ገዝተው መጡ።

አገላብጬ አየሁት። ከጀርባው ከ12 እስከ 24 ቮልት ይላል። ያች አውሮፕላን ሞተሯ ሲነሣ ሃያ ስምንት ትሰጣለች። ይህንኑ ነገርኋቸው።

«ቁጥሩን ያስቆጠርሁህ እኔ፤ አሁን ለእኔው ልታነብልኝ ነው?» አሉና ሳቁብኝ።

እኔም አብሬ ሳቅሁ። ዳሽቦርዱን በስቼ፣ ሽቦውን አገናኝቼ ሶኬቱን የገጠምሁት እኔ ነኝ። እጄ አለበት፤ አልክድም።

አንድ ሳምንት ሸጋ ሆኖ ሠራ። በስምንተኛው ቀን አውሮፕላኗ ሁለት ሐኪሞች ይዛ ከአምባ ጊዮርጊስ በላይ ስትደርስ ሬዲዮው ይጮህ ጀመር። አብራሪው ከምድር የሚሉትን መስማት አቃተው። ወዲያው የፕላስቲክ ቃጠሎ ሸተተው። የሶኬቱን መስመር አጥፍቶ ተመለሰ። በሰላም አረፉ። አንደኛዋ ሐኪም እንደ ወረደች መሬት ላይ ተቀመጠች።

በማግሥቱ አያ ደሴ ወረቀት ይዘው መጡ። ሶኬቱን ነቅለን ማውጣታችንን የሚገልጽ ነው፣ ፈርም አሉኝ። ብዕሩን ከፍተው ሰጡኝ። ፈረምሁ። አላነበብሁትም።

ይህን የሚያነብ ሰው ሞኝ ይለኝ ይሆናል። እኛ አገር ግን ታላቅህ የሰጠህን ወረቀት ፊቱ ቆመህ ማንበብ፣ ያቀረበልህን እንጀራ አሽትተህ እንደ መብላት ነው። ለዚያውም ፊደሉን የሰጠኝ ሰው።

ሦስት ቀን ቆይቶ የድርጅቱ ኃላፊ ቢሮ ተጠራሁ። ወጣት ናት፤ ክፉ ሰው አይደለችም። አያ ደሴ ቀድመው ተቀምጠዋል። ወረቀቱን ጮክ ብላ አነበበችው። ሶኬቱን ራሴ ገዝቼ፣ ማንንም ሳላስፈቅድ፣ አያ ደሴ በሌሉበት ገጥሜዋለሁ ይላል። ከታች የእኔ ስም አለ፤ በእኔው እጅ የተጻፈ።

ያዘዙኝ እሳቸው ናቸው አልሁ። አያ ደሴ ወለሉን እያዩ፣ እኔ አላውቅም አሉ።

ኃላፊዋ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «የተማርኸው በቅርብ ነው አሉኝ። ማንበብ የማትችል ከሆነ ንገረኝ። ማንበብ የማይችል ሰው የፈረመውን ወረቀት አልቀበልም፤ እሰርዘዋለሁ።»

መውጫ በር ከፍታልኝ ነበር። ከእኔ የሚፈለገው አንዲት ቃል ናት። አያ ደሴን አየሁ። አሁን ቀና ብለው እያዩኝ ነው። የሚለምኑኝ ይመስሉ ነበር። ምን እንደሚለምኑኝ ያኔ አልገባኝም።

«አነባለሁ» አልሁ። «ይህን ግን ሳላነብ ነው የፈረምሁ።»

«የሚያነብ ሰው በፊርማው ይጠየቃል» አለች።

ባጄን ከአንገቴ አውልቄ ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጥሁ።

ማታ ነገሩን ለሚስቴ ነገርኋት። «ምነው አላነብም ብትል? ምላስህ ይቆረጥ ኖሯል?» አለችኝ። ወደ አራት ወር ገደማ አንድ ጋራዥ ውስጥ የሚኒባስ መብራት ስጠግን ቆየሁ። የሃንጋሩ ሰዎች መንገድ ላይ ሲያዩኝ ወዲያ ማዶ ይሻገራሉ። ሐኪም የጫነች አውሮፕላን ላቃጥል የነበርሁ ሰው ነኛ።

ሰኔ ሲገባ አያ ደሴ ላይ ሽማግሌ ላክሁ። እንቢ አላሉም። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ኮሶዬ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ ሦስት ሽማግሌዎች ፊት ተቀመጥን። እኔ የበኩሌን ተናገርሁ። ይክዳሉ ብዬ ነበር። አልካዱም። ጡረታ ሊወጡ አንድ ዓመት ቀርቷቸው እንደ ነበርና እንደ ፈሩ ተናገሩ። እስከዚህ ድረስ እችለው ነበር። የሚፈራ ሰው ብዙ ያደርጋል። የጎዳኝ ቀጥለው ያሉት ነው።

«መሃይም ነው ብለው ይተውታል ብዬ ነው» አሉ። «ተቆጥተው ይለቁታል አልሁ። አነባለሁ ብሎ ይመልሳል ብዬ በምን ልወቅ?»

ከሽማግሌዎቹ ትልቁ ትክ ብለው አዩአቸው። «አንተ ደሴ፣ ያስተማርኸው አንተው አይደለህ?»

«እኔ ነኝ» አሉ አያ ደሴ። «ቢሆንም…» አሉ።

ከዚያ በኋላ የተባለውን ብዙውን አልሰማሁትም። ያች «ቢሆንም» ጆሮዬን ደፍናው ነበር። ሽማግሌዎቹ አያ ደሴ በማግሥቱ ቢሮ ሄደው እውነቱን እንዲናገሩ ፈረዱ። እኔ ደግሞ ታናሽ ነኝና ጉልበታቸውን እንድስም ታዘዝሁ። ሳምሁ። ወግ ነው። እሳቸውም ቀና አድርገው ግንባሬን ሳሙኝ። እያለቀሱ እንደ ሆነ አላውቅም፤ ፊታቸውን ማየት አልቻልሁም።

ቃላቸውን ጠብቀው ሄዱ። ሁሉንም ተናገሩ። ሥራቸውንም ለቀቁ። እኔ ተመለስሁ። የታዘዘው ሶኬት በመጨረሻ መጣና ፈቃድ ያለው ሠራተኛ ከአዲስ አበባ መጥቶ ገጠመው፤ ካቻቢቴ የማቀብለው እኔ ነበርሁ። አያ ደሴን አንዳንዴ አዘዞ ገበያ አገኛቸዋለሁ። ጎንበስ ብዬ እጅ እነሣለሁ። እንደምን ዋልህ ልጄ ይሉኛል። ከዚያ በላይ የምንባባለው የለም።

ሰዉ እውነቱ ወጣልህ፣ እንኳን ደስ ያለህ ይለኛል። ምን ደስ ይለኛል? ሁለት ዓመት ሙሉ ጠመኔ ይዘው ሲያስተምሩኝ የሚያምኑብኝ መስሎኝ ነበር። ለካ በእሳቸው ዓይን ያው ጠራጊው ነኝ። ሥራዬን መልሰውልኛል። ያንን የምሳ ሰዓት ግን መልሶ የሚሰጠኝ የለም። ሳስታውሰው ያመኛል፤ ሳልወድም አስታውሰዋለሁ፣ ምክንያቱም አንድ ነገር ባነበብሁ ቁጥር የማነበው በእሳቸው ድምፅ ነው።

ኃላፊዋ ከወረቀቱ ላይ የእኔን ስም ሰርዛ የአያ ደሴን ስም የጻፈችው ሰኔ 12 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ ሰኞ ነው።