ዘግይቼ የሰጠሁት ሐል

የኢሚግሬሽን ፖሊሶች የያዙኝ ጠዋት ነው፤ ስኔሊንግ አቨኒው ላይ ቆሜ የመኪናዬን መስታወት በረዶ ስፍቅ። ስሜን ጠሩ፤ እኔም እንደ ሞኝ «አቤት» አልኩ። ከብዙ ዓመት በፊት ውድቅ የሆነ የጥገኝነት ኬዝ ነበረኝ፤ ሎየሬ «ተኝቷል፣ አትቀስቅሰው» ያለኝ። አልተኛም ነበር። አንደኛው ፖሊስ መፋቂያውን ከእጄ ተቀብሎ ኮፈኑ ላይ በጥንቃቄ አስቀመጠልኝ፤ ሁለተኛው ካቴናውን አጠለቀልኝ።

ያሰሩኝ ጠባብ ክፍል ሁለት የብረት አልጋ፣ አንድ ሽንት ቤትና ክንድ የማታሳልፍ ቀጭን መስኮት ነበራት። በመስኮቱ የሚታየው የመኪና ማቆሚያው ብቻ ነው። ሁሉ ነገር በረኪና በረኪና ይሸታል። በሩ ሲዘጋ ድምፁን አወቅኩት። አገር ቤት በተማሪነቴ በፖለቲካ ሁለት ዓመት ታስሬያለሁ፤ የብረት በር የትም አገር አንድ ነው።

ውስጥ ሰባ ዓመት የሚሆናቸው ነጭ ጢም ያላቸው ሽማግሌ ነበሩ። ብድግ ብለው ብርድ ልብሳቸውን አጥፈው እንድቀመጥበት አነጠፉልኝ፤ በወረቀት ኩባያ ውሃ ሰጡኝ። ከዚያ ፊት ለፊቴ ተቀምጠው በተሰባበረ እንግሊዝኛ ይጠይቁኝ ጀመር። ከየት መጣህ? ቤት ማን አለ? በመንገድ ማንን አየህ? ምን ሰማህ?

በልቤ «አሃ፣ ገና ከመግባቴ!» አልኩ። ያኔ አገር ቤት አንድ እስረኛ ቆሎ እያካፈለኝ እንዲሁ በለሆሳስ ጠይቆኝ የጓደኛዬን መደበቂያ ነግሬዋለሁ። በሦስተኛው ቀን ጓደኛዬን ይዘው አመጡት፤ በሳምንቱ ወሰዱት፤ አልተመለሰም። አሁን ደግሞ አፕል ቫሊ፣ አዲሱ ቤታችን፣ ባለቤቴ አለች፤ የሷም የመኖሪያ ወረቀት ገና ነው። እነሱ ፋይል ላይ ያለው የድሮ አድራሻዬ ነው። አዲሱ ከአፌ ካመለጠ እሷንም ይወስዷታል። «ደህና ነኝ» ብዬ ወደ ግድግዳው ዞርኩ።

እሳቸው ግን አልተዉኝም። በየጠዋቱ ብርድ ልብሱ ይነጠፋል፣ ውሃው ይቀዳል፣ ጥያቄው ይመጣል። ዝም ስል የራሳቸውን ይነግሩኛል፦ ያዩትን ሕልም፣ ኩን ራፒድስ ስላለች ልጃቸው፣ በሎች ስለሚባለው ሕዝባቸው፣ መንግሥት ወስዶ ደብዛቸውን ላጠፋቸው ዘመዶቻቸው ሰልፍ ወጥተው ስለተሰደዱበት ቀን። በአምስተኛው ቀን ትዕግሥቴ አለቀ።

«አባቴ፣ ማን ነው የላከዎት?» አልኳቸው።

አልተቆጡም። እንግሊዞች አገራቸውን በያዙበት ዘመን የሆነውን ነገሩኝ። እንግሊዞቹ ለራሳቸው ጦርነት ወጣቶቻችሁን አምጡ ሲሉ ጎሳው እምቢ ብሎ ተራራ ገባ። በሎች ከበሎች ጋር መንገድ ላይ ሲገናኝ ደግሞ «ሐል» ይጠያየቃል፤ ያየውን የሰማውን ሳይጨምር ሳያጎድል ይናገራል። በሐል መዋሸት ውርደት ነው። እንግሊዞቹ ይህን ሲያውቁ ደመወዝ የሚከፍሏቸውን በሎቾች ግመል ላይ አስቀምጠው ሐል እንዲጠይቁ በየመንገዱ አሰማሩ። የሽማግሌው ቅድመ አያት ያኔ ጎረምሳ ነው፤ ዱቄት ሊያመጣ ከተራራው ሲወርድ አገኙት። ቢዋሽ ውርደት፣ እውነቱን ቢናገር የወንድሞቹ ሞት። «ሐል የለኝም» አላቸው። እንዲህ የሚል ሰው በጎሳው ተሰምቶ አያውቅም። ሰባት ዓመት በእግር ብረት አሰሩት። ሲፈታ የጎሳው ሽማግሌዎች አስቀምጠው፣ ውሃ ሰጥተው ጠየቁት፤ ከቀትር ጀምሮ ጀምበር እስክትጠልቅ ተናገረ፤ ማንም አላቋረጠውም።

«ስለዚህ አልተቀየምኩህም» አሉኝ።

ለካ ዳጉ ነው! በወጣትነቴ በአሰብ መንገድ የከባድ መኪና ረዳት ነበርኩ። አፋሮቹ መንገደኛ ሲያገኙ ወሬውን ሁሉ ተቀብለው የራሳቸውን ይሰጡታል፤ ከእኔም ጋር ስንቴ ዳጉ ተለዋውጠናል። ያንን የማውቅ ሰውዬ የእንግዳ አቀባበሉን የጆሮ ጠቢ ጥያቄ አደረግኩት። አፈርኩ። ግን ማመን ሌላ፣ መናገር ሌላ። ከዚያም በኋላ ባለቤቴን ባሰብኩ ቁጥር አፌ ይለጎማል። ክፍሏ በየቀኑ የምትጠብ ይመስለኝ ነበር። መስኮቱ ጋ ቆሜ የበረዶ መጥረጊያው መኪና አንዱን ቦታ ሲመላለስበት እያየሁ እውላለሁ።

በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ዘቡ በሩን ከፍቶ ሽማግሌውን ዕቃቸውን እንዲይዙ አዘዛቸው። ዲፖርት ሊያደርጓቸው ነው። ዘቡ የሚያስፈርማቸውን ወረቀት ረስቶ ሊያመጣ ተመለሰ። እሳቸው የልጃቸውን ቤት ቁጥር ሁለት ጊዜ ነገሩኝና ሐላቸውን እንዳደርስላት ለመኑኝ።

«ስሜን እንኳ አያውቁም፤ እንዴት ያምኑኛል?»

«ወሬ የሚሸጥ ሰው ብዙ ያወራል» አሉ። «አንተ አሥራ ዘጠኝ ቀን ዝም አልክ።»

ብርድ ልብሴን አጥፌ አነጠፍኩላቸው፤ ውሃ ቀዳሁላቸው። የባለቤቴን ነገር በጆሯቸው ሹክ አልኳቸው። ከዚያ የጓደኛዬን ጀመርኩ፤ ለማንም ተናግሬው የማላውቀውን። ቆሎውን፣ ጥያቄውን፣ ምን ብዬ እንደመለስኩ። መሀል ላይ ዘቡ ተመልሶ «እንሂድ» አለ። ሽማግሌው ከተቀመጡበት ሳይነሱ መዳፋቸውን አነሱ።

«ገና አልጨረሰም።»

ዘቡ ምን እንደገባው እንጃ፣ ቁልፉን ይዞ ቆመ። እያለቀስኩ ጨረስኩ። እሳቸው ውሃውን ጠጥተው ኩባያውን መለሱልኝና ተነሱ።

እኔ ኬዜ እንደገና ተከፍቶ ከሁለት ወር በኋላ ወጣሁ። በመጀመሪያው እሑድ ኩን ራፒድስ ድራይቭ አደረግሁ። ልጃቸው ማንነቴን ስትሰማ አስቀመጠችኝ፤ ውሃ አመጣች፤ ከዚያ ጠየቀችኝ። ሕልሞቻቸው እንኳ ሳይቀሩ ሁሉንም ነገርኳት። ስጨርስ እኔስ ሐሌን ሰጥቻቸው እንደሆነ ጠየቀች። ሰጥቻቸዋለሁ አልኳት።

«እንግዲያው አባቴ ባዶ እጁን አልሄደም» አለችና ፊቷን ሸፈነች።

ዛሬ ከሥራ ስገባ ባለቤቴ «እንዴት ዋልክ?» ስትለኝ እንደ ድሮው «ደህና» ብዬ አላልፍም። ቁጭ ብዬ ከጠዋት እጀምራለሁ። እሷም «ዛሬ ደግሞ ከየት ልትነሳ ነው?» እያለች ታሾፍብኛለች። የጓደኛዬን ነገር ብቻ እስካሁን አልነገርኳትም። ይህን አንብባ ከምታውቀው ከአፌ ብትሰማው ይሻላል። ዛሬ ስትጠይቀኝ ከዚያ እነሳለሁ።