ዓይንህን ጨፍን

ይህችን የምጽፈው መካነ ሰላም ከተማ ውስጥ ዕድሜ ልካቸውን ብስክሌት ሲጠግኑ ኖረው በቅርቡ ላረፉት አጎቴ ነው። እኔ ራሴ የልጅ ልጅ ያየሁ ሽማግሌ ነኝ፤ ለእሳቸው ግን እስከ መጨረሻው «አንተ ቀውስ» ነበርኩ። አልተሳሳቱም፤ በዚህ ዕድሜዬ መሪዋ እንደ በግ ቀንድ ወደ ታች የተጠቀለለ የእሽቅድምድም ብስክሌት እነዳለሁ።

ወገቤ ባረጀ ቁጥር አጎቴ መሪዋን ከፍ፣ የፍሬኑን እጀታ ቀረብ ያደርጉልኝ ነበር። በሜትር አይለኩም። የፊቱን ጎማ በጉልበታቸው መሃል አጥብቀው ይይዙና «ኮርቻው ላይ ውጣ፤ ዓይንህን ጨፍን፤ እጅህን ዝም ብለህ ጣል» ይሉኛል። ጣቶቼ ባረፉበት ፍሬኑን ያስሩታል። «ብስክሌቱ ለሰው ይጎንበስ እንጂ ሰው ለብስክሌት አይጎንበስ» ይሉ ነበር።

«ወድቄ ብሰበርስ?»

«አብሽር፤ ያን ጊዜ ቃሬዛውን በልክህ አስተካክላለሁ።»

ሰሞኑን ጣቶቼ ደርቀው ፍሬኑ ጋ አልደርስ አሉ። ቁልቁለት ላይ ፍሬን ያልያዘ ሽማግሌ መድረሻው የታወቀ ነው። እግሬ ራሱ ወደ ሱቃቸው ወሰደኝ። በሩ ተቆልፏል። መቆለፉን እያየሁ እንደ ልማዴ ኮርቻው ላይ ወጣሁ፤ ዓይኔን ጨፈንኩ፤ እጄን ጣልኩ። ጎማውን የያዘ ጉልበት አልነበረምና መሪው ዞረ፤ ከነብስክሌቴ ተዘረርኩ።

ሰዎች ሮጠው መጡ። «አባባ፣ ተጎዱ እንዴ?»

«ቆዩ» አልኳቸው፤ ዓይኔን አልገለጥኩም። ስወድቅ ከሁሉ ቀድመው የሚስቁት አጎቴ ነበሩ። ሳቃቸውን ጠበቅኩ።