ከደጁ የማያልፈው ዘበኛ

የኮልፌው ቤተ ክርስቲያን ዘበኛ ከደጁ ውጭ እየቆመ እንኳ ጫማውን ያወልቃል። ምልክቱ የተገፈፈ የክብር ዘበኛ ካፖርቱን እስከ አንገቱ ይቆልፋል፤ ዱላውን ቅቤ ያጠጣል። ሲያስቀድስ ያየው ግን የለም።

ዛሬ አንዲት አራስ የምታጣጥር ልጇን ልታስጠምቅ እየሮጠች መጣች።

«ሰማንያ ቀን ሳይሞላሽ?» አለና የእናቲቱን ግንባር በዱላው ፈነከተው።

«ልትሞትብኝ ነው፣ ጋሼ!»

«ሕግ ነው! እኔስ በታኅሣሡ ግርግር ነፍስ አጥፍተሃል ተብዬ ከዚህ በር ስባረር ማን ማረኝ?»

ጩኸቷን የሰሙት ቄስ ውኃ ይዘው ወጡ።

«ለሞት ለደረሰ ሕፃን ቀን አይቆጠርም፣ አንተ ጨካኝ!» ብለው ልጅቱን እዚያው ደጁ ላይ አጠመቋት።

ውኃው ከእናቲቱ ደም ጋር ተቀላቅሎ ወደ ባዶ እግሩ ሲወርድ፣ ዘበኛው እሳት እንደነካው ሰው ወደ ኋላው ሸሸ።