ሽጉጡ አልጎርስ ያለው ጥይት

ተስፋው መንጋጋውን ያስነቀለው ጥርሱ ሳያመው ነው። በዚህ ነገር ማንኩሳ ስቆበታል፤ ወሬው ተሻግሮ ቡሬ ገበያም ተስቆበታል። እኔ የሚስቱ የሀብትነሽ ወንድም ነኝ። ዛሬም በእሱ የሚስቅ ሰው ሲያጋጥመኝ ደሜ ይፈላል፤ ስለዚህ ነገሩን እንደ ነበረ ልናገር።

ዘመኑ የሃምሳዎቹ ማብቂያ ነው። ተስፋው ቀጥቃጭ ነበር። ማረሻና ማጭድ ይሠራል፤ ስሙን ያስጠራው ግን ጥይት ነው። የፋብሪካ ጥይት እንደ ልብ ስለማይገኝ ሰው የተተኮሰ ቀለህ እየለቀመ ያመጣለታል። እሱ ባሩዱን ይሞላና እርሳስ አቅልጦ አፉ ላይ ይተክላል። በመጨረሻም የቀለሁን ከንፈር ዙሪያውን በመንጋጋው ነክሶ እርሳሱ ላይ ያጠብቀዋል። ንክሻውን የወረሰው ከአባቱ ነው። “ብረት ብረትን ያቆስላል፤ ጥርስ ግን ልኩን ያውቃል” ይል ነበር። የተስፋው ጥይት ነው ከተባለ፣ እስከ ፍኖተ ሰላም ድረስ ሰው ሳይጠይቅ ይቀበል ነበር።

ቢሆነኝ የሚባል ገበሬ የወንድሙ ደም ሳይመለስለት ከርሟል። ገዳዩ ክንፈሚካኤል ሊበን አካባቢ ሸሽቶ ቆይቶ፣ አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ቡሬ ገበያ ይታያል ተባለ። የቢሆነኝ እናት እመት ወለተ ሐና “ሽማግሌ ደጄን እንዳይረግጥ!” ብለው ምለዋል። ልጃቸውም ጸጉሩን ሳይላጭ፣ ከማኅበር ሳይቀመጥ ነበር የሚኖረው። ከአባቱ የቀረለት ስድስት ጎራሽ ሽጉጥ አለ፤ ጥይት ግን የለውም። ስለዚህ ቀለሁን ለተስፋው ላከ።

ደም የሚፈልግ ሰው ሽጉጡን ከወገቡ ፈትቶ ለሌላ እጅ አይሰጥም፤ ገበያ መሀልም በግልጽ አይመላለስም። የምትመላለሰው ሚስቱ ዓባይነሽ ነበረች። ቀለሁን በጥጥ ጠቅልላ በቅርጫት ታመጣለች፣ የተሞላውንም እንዲሁ ይዛ ትመለሳለች። ከሰላምታ በቀር ቃል አይወጣትም።

ሳምንት ሳይሞላ ቢሆነኝ ራሱ መጣ። ተቀመጥ ቢሉት እንቢ አለ።

“ጋሼ ተስፋው፣ አልጎርስ አለኝኮ!”

“ምኑ?”

“ሽጉጡ ነዋ። ጥይቱ ግማሽ ድረስ ይገባና ቀጥ ይላል።”

ተስፋው ክው አለ። ቢሆነኝ ሽጉጡን እንደያዘ ተስፋው ይመረምረው ጀመር። ቀዳዳዎቹን በጨርቅ ጠረገ፤ ንጹሕ ናቸው። ጥይቱን ከፋብሪካ ጥይት ጎን አቆመው፤ ቁመቱ እኩል ነው። እርሳሱ ወፍሮ ይሆን ብሎ ዳበሰው፤ አልወፈረም። በመጨረሻ ከድስት ቂጥ ጥላሸት ወስዶ ጥይቱን ቀባውና ቀዳዳው ውስጥ ቀስ አድርጎ ገፍቶ አወጣው። ጥላሸቱ የተላጠው ከንፈሩ ላይ ብቻ ነው። ከንፈሩ በአንድ በኩል ተጣሞ ወጣ ብሏል።

“የእኔ ንክሻ ነው” አለ ተስፋው። ፊቱ አመድ መሰለ።

አቃንቶ በዓባይነሽ እጅ ላከ። ጥይቱ ተመልሶ መጣ፤ ያው ከንፈሩ፣ ያው ጥመቱ።

ከዚያ በኋላ ተስፋው እረፍት አጣ። ይነሣል፣ ይቀመጣል፣ በር ድረስ ሄዶ ይመለሳል። ወናፉን ይዞ መንፋቱን ይረሳና ብረቱ ይቀዘቅዝበታል። ምግብ ቀርቦለት መንጋጋውን በምላሱ ይዳብሳል።

“ኧረ ምን አቅበጠበጠህ?” አለችው ሀብትነሽ።

“ያ ሰው ጠላቱ ፊት ቆሞ ሽጉጡ እንቢ ቢለውስ? የሚሞተው እሱ ነው። ማን ገደለው ሊባል ነው? ተስፋው!”

ጥርሴ አርጅቶ ተንጋዷል ብሎ ደመደመ። ቡሬ ወርዶ ጥርስ ነቃዩ ወጌሻ ፊት ተቀመጠ።

“የትኛው ነው የሚያምህ?”

“የሚያመኝ የለም። ይቺን ንቀልልኝ።”

ወጌሻው ሰውየው አብዷል ብሎ ደጋግሞ ጠየቀው፤ በኋላም ነቀለለት። ገበያተኛው ሁሉ ከቦ ይስቅ ነበር። ተስፋው ጉንጩ አብጦ ተመለሰ፤ አፉ ልሙጥ የሆነ ትንሽ ጉጠትም ሠራ። የአባቱን ንክሻ ትቶ፣ ጥርስ ሳያስነካ፣ የጥይቶቹን ከንፈር ሁሉ በጉጠቱ አጠበቀ። ጥይቱን ለዓባይነሽ ሲሰጣት ለመጀመሪያ ጊዜ እፎይ አለ።

ቢሆነኝ ግን ደግሞ መጣ። ጥይቶቹን ተስፋው ፊት ዘረገፋቸው። ተስፋው አንዱን አንሥቶ ወደ ብርሃን አዞረው። ከንፈሩ ላይ ትንንሽ የጥርስ ምልክት ተደርድሯል። የእሱ መንጋጋ ቡሬ ቀርቷል፤ ጉጠቱም ጥርስ የለውም። ያቺ ባለ ቅርጫት ዝምተኛ ፊቱ ላይ ድቅን አለችበት።

መጀመሪያ በሸቀ። ስሙን ያጠፋችው፣ ጤነኛ ጥርሱን በከንቱ ያስነቀለችው እሷ ናት! ሊጮህ አፉን ከፈተ። ከዚያ ያቺ ሴት ባሩድ የተሞላ ቀለህ አፏ ውስጥ ከትታ፣ ባሏ ነፍሰ ገዳይ እንዳይሆንባት አንድ በአንድ ስትነክስ ታየችው። እስከዚያች ሰዓት የክንፈሚካኤል ነፍስ ትዝ ብሎት አያውቅም ነበር። አዘነም፣ አፈረም።

“ጥፋቱ የማን ነው?” አለ ቢሆነኝ።

“የእኔ ነው።”

“ጥርስዎን ማስነቀልዎን ሰምቻለሁ።”

ተስፋው ጥይቶቹን ወደ ራሱ ይሰበስብ ጀመር።

“በጥርስ እንዳልነከሱት አውቃለሁ ማለቴ ነው።”

“የእኔ ነው አልኩህ! እጄም አርጅቷል፣ ዓይኔም ደክሟል። በሌላ ሰው አታሳብብ!”

ቢሆነኝ የአንዱን ጥይት ከንፈር በአውራ ጣቱ ዳበሰ። ከዚያ ተቀመጠ፤ በዚያ ቤት ሲቀመጥ ይህ የመጀመሪያው ነው።

“እኔማ ካወቅሁት ቆይቻለሁ” አለ። “አንድ ማለዳ ከጓዳ ስትነክስ አይቻታለሁ። አይቼም ዝም አልኩ። ደክሞኛል ጋሼ። እናቴ ፊት ደክሞኛል ማለት አልችልም፤ ሽጉጡ እንቢ አለ ማለት ግን እችላለሁ። እሁድ ዘመድ ይሰበሰባል። ይህንኑ የነገሩኝን እዚያ ቢሉልኝ?”

ያን ማለት ስምን በገዛ እጅ መቅበር ነው። ተስፋው ቤት ውስጥ ሲንጎራደድ ሰነበተ። “አልሄድም” ይላል፤ ወዲያው ጋቢውን ያነሣል፤ መልሶ ይጥላል። እሁድ ግን ሄደ።

ከቅዳሴ በኋላ ደጀ ሰላሙ ፊት ለፊት ዘመድ አዝማዱ ተቀምጧል። ተስፋው መሀል ቆመ።

“የልጄን ጥይት ያበላሸኸው አንተ ነህ?” አሉ እመት ወለተ ሐና።

“አዎን እመቤቴ፣ እኔ ነኝ። እጄ እንቢ አለኝ።”

“ጥርስህን ከሚነቅሉት ምናለ እጅህን በነቀሉት!”

አንገቱን ደፋ። ያን ጊዜ የንስሐ አባታቸው ተነሡ። “እመት፣ ብረቱ እንኳ እንዲህ ደጋግሞ እንቢ ካለ የእግዚአብሔር እጅ አለበት። ሽማግሌው ይግባ” አሉ። አሮጊቷ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣል አድርገው ብዙ አለቀሱና “ይግባ” አሉ። እግዚአብሔር ተመሰገነ፤ ተስፋው ተረገመ። ዓባይነሽ ከሴቶቹ መሀል ሆና መሬት መሬት ታይ ነበር። ደሙ በጉማ፣ በደም ካሳ አለቀ፣ ቢሆነኝም ጸጉሩን ተላጨ።

ከዚያ ወዲያ ለተስፋው አንዲት ቀለህ ያመጣለት የለም። ሰው “አልጎርስ” ብሎ ስም አወጣለት፤ ልጆች ሳይቀሩ ይጠሩበታል። ለእኔ እውነቱን የነገረኝ ብዙ ቆይቶ ነው፤ ከዚያም እሱ በሕይወት እስካለ አፌን እንድዘጋ አስማለኝ።

አንድ ዓመት በአጨዳ ሰሞን ማንኩሳ ገበያ አብረን ተቀምጠን ሳለ፣ ደንደን ያለ ሰው መጥቶ ማጭዶቹን ያገላብጥ ጀመር። ክንፈሚካኤል ነው።

“አልጎርስ የሚሉህ አንተ ነህ?” አለው እየሳቀ። “ማጭድህስ ያጭዳል ወይስ እሱም እንደ ጥይትህ ነው?”

ዙሪያውን የነበረው ሁሉ ሳቀ። እኔ ብድግ አልኩ፤ ተስፋው ኩታዬን ይዞ መልሶ አስቀመጠኝ።

“ያጭዳል ጌታዬ” አለ። “ይሞክሩት።”

ክንፈሚካኤል ስለቱን በጣቱ ፈተሸ፤ ደህናውን መርጦ ወሰደና አዝመራው ሳይረግፍበት ለመድረስ እየተጣደፈ ወደ ቤቱ ሄደ።