ደክሟል በለው

ሽማግሌው አሮጌውን ባትሪ ሁለት እጃቸውን ወደ ፊት ዘርግተው፣ ከሰውነታቸው አርቀው ይዘውት ገቡ። ክብደቱ ክንዳቸውን ያንቀጠቅጠዋል፤ ሸሚዛቸውን ግን አላስነኩትም። ጥቁር ሸሚዝ ነው፤ የፋብሪካው እጥፋት ገና አልለቀቀውም። ሱሪያቸውንማ አሲድ እዚህም እዚያም በሳስቶታል።

«የትንሿ ትራክተሬ ነው» አሉ።

ባትሪ ሻጩ መለኪያውን አስነክቶ ራሱን ነቀነቀ። «ይሄማ ሞቷል፣ አባት።»

«ተው ልጄ፣ ደክሟል በለው።»

«ደክሞ ቢሆንማ ቻርጅ ሲደረግ ይነሳ ነበር» ብሎ ሳቀ። ተራ የምንጠብቀውም ሳቅን። እሳቸው አልሳቁም።

ሻጩ ሁለት አዳዲስ ባትሪዎች ፊታቸው አስቀመጠ። አንዱ በየጊዜው ውሃ ይጨመርበታል። ሌላው ድፍን ነው፤ አይከፈትም፣ ውሃም አይፈልግም።

«ውሃ የሚጨመርበት ይረክሳል። ለትራክተር ሁሉም የሚወስደው እሱን ነው።»

«እኔም እስከ ዛሬ እሱን ነበር የምወስደው» አሉ ሽማግሌው። የባትሪውን ክዳኖች አንድ በአንድ በጣታቸው ዳሰሱ። «ውሃውን የምትሞላው ባለቤቴ ናት። እኔ እረሳዋለሁ። እሷ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ፣ አበባዎቿን ስታጠጣ እግረ መንገዷን እሱንም ታጠጣዋለች።»

ከዚያ ቀስ ብለው ገፋ አደረጉትና ወደ ድፍኑ ጠቆሙ።

«ምነው፣ እናታችን አሟቸው ነው እንዴ?» አለ ሻጩ።

ሽማግሌው አቀርቅረው ሸሚዛቸውን አዩ።

«ደክማለች።»

«እግዜር ይማርልዎ» አለና ሻጩ ድፍኑን ባትሪ አነሳላቸው።

«አሜን» አሉ። ይሄኛው ጠብታ የማያፈስ ቢሆንም፣ ከአዲሱ ጥቁር ሸሚዛቸው አርቀው ለመቀበል ሁለት እጃቸውን ዘረጉ።