አንድ ጋን ጠላ ለማይጠጡ ሰዎች

እህቴ ንግግር አታስረዝምም። «ዳግመኛ አረቄ አረቄ እየሸተትሽ ከመጣሽ ፍራሽሽን ይዘሽ አንበሳሜ ትወርጃለሽ» አለችኝ። አንበሳሜ የአባታችን ቤት ነው። ከአረብ አገር መልስ ደብረ ታቦር ፀጉር ቤት ተቀጥሬ፣ የራሴን እንጀራ መብላት ከለመድኩ በኋላ ተመልሼ በረት ልጠርግ? ሞት ይሻለኛል።

ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ነርሷ መጠጥ ለማቆም የሚሰበሰቡ ሰዎች እንዳሉ ነገረችኝ፤ ቅዳሜ ከሰዓት። አንዱ ቆሞ ይገሥጸናል፣ እኛ አንገታችንን ደፍተን እናለቅሳለን ብዬ ነበር የገባሁት። የገጠመኝ ሳቅ ነው። አንድ የባጃጅ ሹፌር ሰክሮ ከገዛ ባጃጁ የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ፊት ለፊት ማንም ሳይኖር «ሂድ እንጂ፣ ምን ትጠብቃለህ?» እያለ ሲቆጣ እንደነጋበት ይተርካል። ሰው ሁሉ ሆዱን ይዟል። ተራዬ ሲደርስ የሙሽራ ፀጉር ግማሹን ሠርቼ፣ ግማሹን ትቼ ወደ አረቄ ቤት እንደወጣሁ ነገርኳቸው።

«ሙሽራይቱስ?» አሉኝ።

«አግብታለች» አልኩ።

ሳልጠጣ እንደዚያ ስቄ አላውቅም ነበር። በሚቀጥለው ቅዳሜ ማንም ሳይጠራኝ ቀድሜ ደረስኩ።

ከመሀላችን ትልቁ ጡረታ የወጡ አምሳ አለቃ ናቸው፤ አባባ እንላቸዋለን። አንድ ቅዳሜ ጤና ጣቢያው ውስጥ የምንሰበሰብበት ክፍል ለስልጠና ተወሰደብን። አባባ «ቤቴ እዚሁ ነው፣ ኑ» አሉና ተከተልናቸው።

ባለቤታቸው እንደ ዘመድ ተቀበሉን። ቆሎ ቀረበ። የተቀቀለ ድንች ከአዋዜ ጋር ቀረበ። ቀጥሎ እማማ ማንቆርቆሪያ ይዘው ከጓዳ ወጡ፤ በመዳፋቸው ጠብ አድርገው ቀመሱና በየጣሳችን ጠላ ይሞሉልን ጀመር።

«እማማ፣ እኛ እኮ መጠጥ ያቆምን ነን» አለ ባጃጅ ነጂው ቀስ ብሎ።

«አውቃለሁ ልጄ። እሳቸውም አቁመዋል፣ ይመስገነው። አረቄ ርኩስ ነው። ይኼ ጠላ ነው፤ ጠላ እህል ነው።»

አባባን አየናቸው። ድንች ይልጣሉ።

«ቤትዎ ጠላ አለ እንዴ?» አልኳቸው።

«ጋኑ ጓዳ ነው፤ እኔ ሳሎን ነኝ» አሉ። «አንነጋገርም።»

በእኛ አገር ሰው ቤት ገብቶ የቀረበን ሳይቀምሱ መውጣት ባለቤቷን መስደብ ነው። እማማ እስክንቀምስ ሊቀመጡ አልቻሉም። የከፋው ደግሞ እኔ አምኛቸው ነበር። ልጅ ሆኜ ጠላ ጠጥቼ ትምህርት ቤት ሄጃለሁ፤ ማን ጠጪ ብሎኝ ያውቃል? ገብስና ጌሾ ነው። እጄ ጣሳውን ያዘ። ሽታው አፍንጫዬ ሲደርስ ግን የሚከተለው ሁሉ ታየኝ፤ ከጠላው ወደ ጠጁ፣ ከጠጁ ወደ አረቄው፣ ከአረቄው ፍራሼን አዝዬ ወደ አንበሳሜ።

«እማማ፣ ይቅር ይበሉኝ» አልኩ። «እኔ አንድ ጣሳ የሚባል አላውቅም። ይህን ከቀመስኩ ከጋኑ ውስጥ በእግሬ ጎትተው ነው የሚያወጡኝ። ባልዎም እዚያው ከጎኔ ናቸው።»

አባባ ድንቹን አስቀመጡ።

«እውነቷን ነው» አሉ ለሚስታቸው። «ያ ጋን ይጠራኛል። አንቺን እንዳላስቀይም ብዬ ነው ዝም ያልኩት።»

እማማ ማንቆርቆሪያውን እንደያዙ ወደ ባላቸው ዞሩ። «በስምዎ ነው በማዕረግዎ የሚጠራዎ?» አሉ።

መጀመሪያ የሳቁት አባባ ናቸው። ከዚያ ቤቱ ተናጋ።

ጠላው ሰኞ ገብስ ለሚያሳጭደው ለእማማ ወንድም ደቦ የተጠመቀ ነበር። «እንግዲያማ እዚህ አያድርም፣ አሁኑኑ ውሰዱለት» አሉን እማማ። ጋኑን ባጃጁ ላይ ጫንነው። እኔና አባባ ከኋላ ሆነን እንደ ልጅ በመሀላችን አቀፍነው፤ ሌሎቹ በእግር ተከተሉ። ባጃጁ ኮብልስቶኑ ላይ በዘለለ ቁጥር ጠላው ቦጭ እያለ ቀሚሴ ላይ ይፈሳል። መንገደኛው ቆሞ ያየናል፤ ጋን አቅፎ እንደዚያ የሚስቅን ሰው ጠጥቷል ከማለት ሌላ ምን ይበል? ከሳቅ ብዛት ክንዴ ዛለ።

«ያዢው፣ ያዢው» አሉ አባባ። «ከተሰበረ መንገዱን የምንልሰው እኛ ነን።»

ይኼን ሲሉ ጭራሽ ባሰብኝ።

አድርሰን ስንመለስ ነው ወደ ልቤ የተመለስኩት። ከደረቴ እስከ ጉልበቴ ጠላ ነኝ። እህቴ በሩን ከፍታ አንዴ አሸተተችኝ። ገብታ ፍራሼን መጠቅለል ጀመረች።

«እታለም፣ አልጠጣሁም። ፈሶብኝ ነው።»

«ጠላ እንደ ዝናብ ይዘንባል?»

«በባጃጅ ጭነነው… መጠጥ ካቆሙት ሰዎች ጋር…»

ስናገረው ለራሴም ውሸት መሰለኝ፤ ያ ሳቅ ደግሞ ተመልሶ መጣ። በዚያ ሰዓት መሳቅ ራስን ማጥፋት ነው፤ ግን ምን ላድርገው? ተጠጋሁና አፌን ፊቷ ላይ ከፍቼ ኡፍ አልኩባት።

«ድገሚ» አለች።

ደገምኩ።

«ድንች ነው» አለች ሳታምን።

«አዋዜም አለው።»

ፍራሹን ለቀቀችውና እላዩ ላይ ቁጭ አለች። «በይ ያን ቀሚስ አውልቂና ሁሉንም ንገሪኝ» አለች። ነገርኳት። ባጃጁ ኮብልስቶኑ ላይ የዘለለበት ጋ ስደርስ እህቴ ፍራሹ ላይ ወደ ኋላ ወድቃ፣ በእጇ ተይ፣ ተይ ትለኝ ነበር።